ኖዝሉን ከመክሰሳችሁ በፊት

ወሩ ጥር ነበር። አቃቂ ወንዝ ዳር ጎመንና ቆስጣ የሚያለሙ አንድ አባት በጠዋት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ የውሃ ሞተሬ ኖዝሉ ሞቷል። አዲስ ይዘህልኝ ና» አሉኝ። ኖዝል ናፍጣውን አድቅቆ ሞተሩ ውስጥ የሚረጨው ክፍል ነው። «ምን እያደረገ ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሞተሩ ሲያስነሱት ደህና ይነሳል። ሃያ ደቂቃ ያህል ውሃ ይስባል። ከዚያ ድምፁ እየደከመ፣ እየተንገዳገደ ሄዶ ጸጥ ይላል። አረፍ አድርገው ሲሞክሩት ደግሞ ይነሳል። በዚህ መሀል ሁለት አዲስ ኖዝል ገዝተው አስቀይረዋል። ለውጥ የለም።

ሄድኩ። ቁልፍ ከሣጥኔ ሳላወጣ የናፍጣ ታንኩን አፍ አየሁት። ክዳኑ ጠፍቷል። አፉ በፌስታል ተሸፍኖ በጎማ ቁራጭ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ፌስታሉን ስፈታው ታንኩ «ፉሽሽ» ብሎ አየር ሳበ። ችግሩ ይኸው ነበር። ናፍጣ ከታንክ ሲወጣ በምትኩ አየር መግባት አለበት። ካልገባ ታንኩ ናፍጣውን ወደ ኋላ ይይዘዋል። ሞተሩ ሲጠፋ አየር ቀስ እያለ በቋጠሮው ሾልኮ ይገባል፣ ናፍጣው ይወርዳል፣ ሞተሩም እንደገና ይነሳል። እኚህ አባት ለሁለት ኖዝል ገንዘብ አውጥተዋል። ቆስጣቸው ሦስት ቀን ውሃ ሳያገኝ ጠውልጓል። በጣም አዘንኩ።

እኔ ኖዝልና ናፍጣ ወደ ኖዝሉ በግፊት የሚልከውን ፖምፓ ስሠራ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። እንጀራዬ ነው። ግን ወደ ጠረጴዛዬ ከሚመጡት ኖዝሎች ብዙዎቹ ጥፋት የለባቸውም። ጥፋቱ ያለው ታንኩ ውስጥ፣ ፊልትሮው (የናፍጣ ማጣሪያው) ውስጥ ወይም ሞተሩ በተሸከመው ጭነት ላይ ነው። ኖዝል በሰው ዘንድ መጀመሪያ ይከሰሳል። በእኔ አሠራር ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚጠየቀው። እዚህ የምጽፈው እኔ የምሄድበትን ቅደም ተከተል ነው።

የማወራው ከአቃቂ እስከ ገላንና ዱከም ድረስ በየማሳው ስለምታዩት ባለ አንድ ሲሊንደር የቻይና ናፍጣ ሞተር ነው። ዋነኛው ኤስ-195 ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 95 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 115 ሚሊሜትር፣ ጉልበቱ በደቂቃ 2,000 ዙር 12 የፈረስ ጉልበት ነው። ወፍጮ ቤት ያላችሁ፣ አሮጌ ሊስተር ሞተር ያላችሁም አብራችሁ አንብቡ። ሐይቅ ላይ ጀልባ የሚገፋው ትንሽ ናፍጣ ሞተርም መሠረቱ አንድ ነው። ባሕር ላይ በሸራ የሚሄድ ጀልባ እንኳ ወደብ ሲገባ የሚያስነሳት ትንሿ ሞተር በዚሁ በሽታ ነው የምትታመመው። በኮምፒውተር የሚታዘዝ አዲስ መኪና ያለው ግን ይህን መንገድ እንዳይከተል። የእነዚያ ግፊት ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ቱቦ እያላሉ መሞከርም ለሕይወት ያሰጋል።

መጀመሪያ ስለ እጃችሁ

ይህን ሳልናገር ወደ ሥራው አልገባም። የኤስ-195 ኖዝል የሚከፈተው 125 ባር ገደማ ላይ ነው። የቤት መኪና ጎማ ሁለት ባር ተኩል ቢሞላ ነው። ከኖዝል የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ ይበሳል። የሚታየው ቀዳዳ የመርፌ ጫፍ ያህል ነው፣ መጀመሪያ ብዙም አያምም። ውስጥ ገብቶ ግን ሥጋ ያበላሻል። አንድ የሙያ ጓደኛዬ ጣቱን ሲነካው «ትንሽ ወጋኝ» ብሎ በጨርቅ ጠቅልሎት ቤቱ ገባ። ሌሊቱን እጁ እስከ ክርኑ አበጠ። ቀዶ ሕክምና አስፈለገው። ያ ጣት ዛሬም በደንብ አይታጠፍለትም።

ስለዚህ ኖዝል በሚረጭበት አቅጣጫ እጅም ፊትም አይሁን። የሚያፈስ ቱቦ በጣት እየዳበሳችሁ አትፈልጉ፣ ካርቶን አስጠጉበት። ድንገት ከገባባችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ሂዱ። ለሐኪሙም «ናፍጣ በግፊት ገብቶብኛል» ብላችሁ በግልጽ ንገሩት፣ ተራ ጭረት እንዳይመስለው።

ናፍጣው ይደርሳል ወይ?

ሞተሩን በማኑቬላ (በእጅ ማስነሻው) እያዞራችሁ የጭስ ማውጫውን እዩ። ምንም ጭስ ካልወጣ ናፍጣ ሲሊንደሩ ውስጥ እየገባ አይደለም። ነጭ ጭስ ከወጣ ግን ናፍጣው ገብቷል፣ ያልሆነለት መቃጠሉ ነው። ይህች ልዩነት ግማሽ ቀን ታተርፋለች።

ጭስ ከሌለ ቀላል ቀላሉን እዩ። የታንኩ ቧንቧ ተከፍቷል? የነዳጅ እጀታው ማጥፊያው ላይ ቀርቶ ይሆን? የክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ በጭቃ ተደፍኗል? ከዚያ ከፊልትሮው የሚወጣውን ቱቦ ፍቱና ናፍጣው እንዴት እንደሚወርድ እዩ። ሳይቆራረጥ መፍሰስ አለበት። ጠብ ጠብ ካለ ፊልትሮው ተደፍኗል ወይም ታንኩ ውስጥ ቅጠል ተወትፏል። አንዴ ከታንክ መውጫ ላይ ሙሉ የባሕር ዛፍ ቅጠል አውጥቻለሁ።

ናፍጣው እየወረደ ሞተሩ ካልተነሳ አየር አስወጡ። ናፍጣ በቀላሉ አይጨመቅም፣ አየር ግን ይጨመቃል። ፖምፓው ሲገፋ አረፋው ይኮማተራል፣ መልሶ ይለጠጣል፣ ኖዝሉን የሚከፍት ግፊት አይፈጠርም። አየር ሲወጣ ከታንክ ተነስቶ ወደ ኖዝል ነው የሚኬደው። ታንኩን ሙሉ። የፊልትሮውን የላይኛ ብሎን አላሉ። በመጀመሪያ አረፋ ይወጣል፣ ከዚያ ጥርት ያለ ናፍጣ። እየፈሰሰ ሳለ አጥብቁት። ካቆማችሁት በኋላ ብታጠብቁት አየር ተመልሶ ይገባል። ቀጥሎ የፖምፓውን መግቢያ እንዲሁ አድርጉ። መጨረሻ ላይ የነዳጅ እጀታውን ሙሉ ክፈቱ፣ ኖዝሉ ላይ ያለውን የቀጭኑን ብረት ቱቦ ዳዶ አንድ ዙር ያህል አላሉ። ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር፣ የሚለቀውን እጀታ ይዛችሁ ማኑቬላውን አዙሩ። ከዳዶው ሥር አረፋ የሌለው ናፍጣ ጠብ እስኪል ድረስ ነው። ያኔ አጥብቁ።

አሁን ጆሯችሁን ጣሉ። ኮምፕሬሽኑን እንደለቀቃችሁ ቀስ ብላችሁ ስታዞሩ በየሁለት ዙሩ አንዴ ከኖዝሉ አጭር፣ ደረቅ «ጥርቅ» የሚል ድምፅ መሰማት አለበት። ጤነኛ ኖዝል እንዲህ ነው የሚናገረው። ድምፁ ከሌለ ወይ አየር ቀርቷል፣ ወይ ፖምፓው ደክሟል፣ ወይ ኖዝሉ ሳይዘጋ ቀርቷል። ድምፁ ጥርት ብሎ እየተሰማ ሞተሩ ካልተነሳ ኖዝሉን ተዉት። ኮምፕሬሽን ፈልጉ።

አየሩን አስወጥታችሁ በማግስቱ ተመልሶ ከመጣ አየር የሚያስገባ ቦታ አለ። አብዛኛውን ጊዜ የጠነከረ ፕላስቲክ ቱቦ ወይም ያረጀ ሮንዴላ (መዝጊያ ቀለበት) ነው። እዚያ ቦታ ላይ ናፍጣ ላይፈስ ይችላል፣ አየር ግን ይገባል። ቱቦውን በአዲስ ለውጡት፣ ዋጋው ከኖዝል ጋር አይወዳደርም።

ውሃና ቆሻሻ

የኖዝልን ውስጥ ያላየ ሰው ለምን እንደምጨቃጨቅ አይገባውም። ኖዝሉ ውስጥ አንዲት ቀጭን መርፌ አለች። በቤቷ ውስጥ ከላይ ወደ ታች ትንሸራተታለች። በመርፌዋና በቤቷ መካከል ያለው ክፍተት ከ2 እስከ 4 ማይክሮን ነው። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል። መርፌዋን የሚያለሰልሳት ራሱ ናፍጣው ነው፣ ሌላ ዘይት የላትም። በዐይን የማይታይ አቧራ ያስራታል። ውሃ ከገባ ያዝጋታል። ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣም ልስላሴ ስለሌለው መርፌዋንም ፖምፓውንም ይበላል።

ናፍጣ የሚመጣው በጀሪካን ነው። ጀሪካኑ ትናንት ውሃ ይዞ ነበር። ወይም ዘይት፣ ወይም በረኪና። ከዚያ ላይ ማሳው አቧራ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ቀኑ ፀሐይ። ግማሽ ባዶ የሆነ ታንክ ውስጥ ያለው እርጥበት ሌሊት ግድግዳው ላይ ጤዛ ይሆናል፣ ተንጠባጥቦ ታች ይተኛል። ስለዚህ ታንኩን ማታ ሥራ ሲያበቃ ሙሉት እንጂ ጠዋት አትሙሉት። ባዶ ቦታ ከሌለ ጤዛ የለም።

ምርመራው ቀላል ነው። ንጹሕ የሃይላንድ ጠርሙስ ወስዳችሁ ከታንኩ ሥር ናፍጣ ቅዱበት። ሌሊቱን ሳይነካ ይደር። ጠዋት ብርሃን ላይ አንስታችሁ እዩት። ውሃ ከናፍጣ ይከብዳል፣ ሥሩ ላይ ለብቻው መስመር ሠርቶ ታገኙታላችሁ። ደለል ካለም ይታያል። ውሃ ካገኛችሁ ታንኩን አውርዳችሁ እጠቡ፣ ፊልትሮውን ለውጡ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ኖዝሉን አስፈትሹ። ታንኩ ሳይጸዳ የሚገባ አዲስ ኖዝል ዕድሜው አጭር ነው።

ጀሪካን ውስጥ ያለ ናፍጣ አንድ ቀን ሙሉ ይረፍ። ስትገለብጡ የመጨረሻዋን ጭላጭ አትስጡት። ማጥለያ ካስፈለገ ጥቅጥቅ ያለ ናይለን ነገር ይሁን። የጥጥ ሻሽና የነጠላ ቁራጭ ክሩን ይለቃል፣ ያ ክር ደግሞ ፊልትሮ ይደፍናል።

ጭሱና ከፍታው

ጥቁር ጭስ ሲታይ ሁሉም ሰው «ኖዝል» ይላል። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። ከመኖሪያችን ጋር የተያያዘ ነገር አለ።

ጥቁር ጭስ ማለት ናፍጣው ከአየሩ በልጧል ማለት ነው። ናፍጣው ስለበዛ ሊሆን ይችላል። አየሩ ስላነሰም ሊሆን ይችላል። የአቃቂ መሬት ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር አልፏል። እንጦጦ ላይ ከ3,000 ይበልጣል። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። 2,100 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛውን ጥቂት ቢያልፍ ነው። ሞተሩ ግን ከፋብሪካ ሲወጣ የናፍጣው መጠን የተለካው ለቆላ አየር ነው። እኛ ዘንድ ሲመጣ ያንኑ ናፍጣ ይወስዳል፣ አየሩን ግን አያገኝም። ጭሱ የሚጠቁረው በዚህ ነው።

ተርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታ አንድ በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። በዚህ ስሌት 12 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛው እዚህ ወደ 9 ተኩል ይወርዳል። ሻጩ ይህን አይናገርም። ገበሬው ለ12 የሚሆን ፓምፕ ይጭንበታል። ሞተሩ ያቃስታል፣ ጥቁር ያጨሳል፣ ይግላል። ሰዉ ኖዝል ይለውጣል። በሱሉልታ በኩል አንድ ወጣት በአንድ በጋ ሦስት ጊዜ ኖዝል ለውጦ በአራተኛው ወደ እኔ መጣ። ኖዝሉን መሞከሪያው ላይ ሳስረው እንከን የለውም። አብሬው ሄጄ የሞተሩን ፑሊ፣ ቀበቶው የሚዞርበትን መንኮራኩር፣ በትንሽ ፑሊ ለወጥንለት። ጭሱ ያኔውኑ ሳሳ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በሞተሩ ላይ ያለ ትንሽ ፑሊ ፓምፑን ቀስ አድርጎ ያዞረዋል። ውሃ የሚገፋው ፓምፕ ፍጥነቱ በ10 በመቶ ሲቀንስ የሚሰጠው ውሃ በ10 በመቶ ገደማ ነው የሚቀንሰው። ከሞተሩ የሚፈልገው ጉልበት ግን በ27 በመቶ ይወርዳል። ትንሽ ውሃ ሰጥታችሁ ብዙ እፎይታ ታገኛላችሁ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ፦ ውሃውን የሚያወጣበት ከፍታም ወደ 19 በመቶ ያጥራል። ማሳችሁ ከወንዙ በጣም ከፍ ያለ ከሆነ አስቀድማችሁ ሞክሩ።

አየር ማጣሪያውንም በዚሁ ቀን ክፈቱት። በመጋቢት አቧራ በሳምንት ይደፈናል። ማጣሪያውን አውጥታችሁ ለአንድ አፍታ ብቻ አስነሱት። ጭሱ ከጠራ መልሱ ተገኝቷል። ያለ ማጣሪያ ግን አታሠሩት።

ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው፣ ኖዝልን አይመለከትም። ነጭ ጭስ ጠዋት ብርድ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ቢታይ አያስፈራም። ሞተሩ ሞቆም ጭሱ ካልጠፋ ኮምፕሬሽኑን ወይም የኖዝሉን አረጫጨት ጠርጥሩ።

ስለ ሙቀት አንድ ነገር ልጨምር። ኤስ-195 የሚቀዘቅዘው ላዩ ላይ ባለው የውሃ ገንዳ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ቶሎ ቶሎም ይተናል። ገንዳው ከጎደለ የኖዝሉ ጫፍ ይቃጠላል፣ መርፌዋ ትጣበቃለች። ኖዝል በጭነት ብዛት የሚሞተው እንዲህ ነው። የወንዙን ውሃ እየቀዳችሁ አትሙሉበት፣ ደለሉ ታች ይረጋና ሙቀቱን ያፍነዋል።

ተራው የኖዝል ሲሆን

እስካሁን ያለው ሁሉ ደህና ሆኖ ሳለ ችግሩ ካልለቀቀ አሁን ኖዝሉን እንጠይቅ። የራሱ ምልክቶች አሉት። ሞተሩ በመዶሻ እንደሚመቱት እየጮኸ «ቋ ቋ» ካለ። ጭሱ አንዴ እየጠቆረ አንዴ እየነጣ ከተንገዳገደ። ከሁሉ የሚያሰጋው ግን የሞተር ዘይቱ መጨመር ነው። ዘይት በራሱ አይጨምርም። የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ አሽቱት። ናፍጣ ከሸተተ ኖዝሉ ሳይዘጋ እያንጠባጠበ ነው፣ ወይም ፖምፓው ያሳልፋል። የቀጠነ ዘይት የሞተሩን ውስጥ ሁሉ ይበላል። በዚያ ዘይት አንድ ቀን እንኳ አታሠሩት።

ባለ ብዙ ሲሊንደር ሞተር ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፣ ማወዳደሪያ አላችሁ። ዓይናችሁን በመነጽር ሸፍኑ። በዝቅተኛ ፍጥነት እየሠራ የእያንዳንዱን ኖዝል ቱቦ ዳዶ በጨርቅ ሸፍናችሁ ተራ በተራ ለቀቅ አድርጉ። ሲለቀቅ የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ ያ ሲሊንደር ቀድሞም አይሠራም ነበር። ከዚያ ኖዝሉን ከጎረቤቱ ጋር አቀያይሩት። ችግሩ አብሮት ከሄደ ጥፋቱ የኖዝሉ ነው። እዚያው ከቀረ የሲሊንደሩ ወይም የፖምፓው ነው።

ባለ አንድ ሲሊንደር ግን አውጥቶ ማየት ነው። ከመፍታታችሁ በፊት ዙሪያውን በናፍጣና በብሩሽ አጽዱ። ቱቦውንና ትርፍ ናፍጣ የሚመልሰውን ቱቦ ፍቱ፣ አፋቸውን በንጹሕ ፌስታል እሰሩ። ፌስታል ቦታው እዚህ ነው። ሁለቱን ዳዶዎች ተራ በተራ ግማሽ ግማሽ ዙር እያላላችሁ አውጡ። ኖዝሉ ከተጣበቀ ናፍጣ አፍስሱበትና ግራና ቀኝ እያወዛወዛችሁ አላሉት። በመዶሻ አትምቱት።

የወጣውን ኖዝል መልሳችሁ ቱቦው ላይ ግጠሙት፣ ጫፉ ግን ከሞተሩ ወደ ውጪ፣ ሰው ወደሌለበት ይሁን። ፊት ለፊቱ ካርቶን አቁሙ። አንድ ሰው ኮምፕሬሽኑን ለቆ ማኑቬላውን ያዙር። ጥሩ ኖዝል እንደ ጉም የደቀቀ፣ ቀጥ ያለ ጠባብ ጭጋግ ይተፋል። ድምፁ ይሰማል። ካቆመ በኋላ ጫፉ ደረቅ ነው። መጥፎ ኖዝል እንደ ውሃ ቧንቧ ክር ይለቃል፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ካቆመ በኋላም ጫፉ ላይ ጠብታ ይንጠለጠላል። በአካባቢው እሳት፣ ሲጋራ ወይም የጋለ ጭስ ማውጫ አይኑር። ያ ጭጋግ ይቀጣጠላል።

ይህ ጥሩ የመጀመሪያ ምርመራ ነው። ግፊቱን ግን በዐይን መለካት አይቻልም። ለዚያ የኖዝል መሞከሪያ ያስፈልጋል፣ በእጅ የሚጫን፣ የግፊት መለኪያ ሰዓት ያለው። እኔ የማየው አራት ነገር ነው፦ የሚከፈትበትን ግፊት፣ የአረጫጨቱን ቅርጽ፣ ድምፁን፣ ጥብቀቱን። ለጥብቀቱ ከመክፈቻው 20 ባር ዝቅ አድርጌ እይዘውና 10 ሰኮንድ እጠብቃለሁ። ጫፉ ላይ ጠብታ ከታየ አላሳልፈውም። ግፊቱ ብቻ ከወረደ ኖዝሉን አትጣሉት። የውስጥ ሞላው ስለደከመ ነው፣ ማስተካከያውን በማጥበቅ ይመለሳል።

ሲታጠብ

ሥራ ስጀምር አንድ የተጣበቀ ኖዝል መጣልኝ። መርፌዋን በብርጭቆ ወረቀት አሸሁና ነፃ አወጣኋት። እጅግ ደስ ብሎኝ ነበር። በሳምንቱ ሞተሩ ዘይቱን በናፍጣ ሞልቶ ተመለሰ። ሁለትና ሦስት ማይክሮን የምትለካ ክፍተት ላይ ብርጭቆ ወረቀት ማሳረፍ ማለት ኖዝሉን መግደል ነው። ለባለቤቱ አዲስ ገዝቼ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ ረዳቶቼ ጠረጴዛው አጠገብ ብርጭቆ ወረቀት እንዲያስቀምጡ አልፈቅድም።

የምትጠቀሙት ንጹሕ ናፍጣ፣ ለስላሳ የነሐስ ብሩሽና የእንጨት ስንጥር ነው። ኖዝሉን ሌሊቱን ናፍጣ ውስጥ ዘፍዝፉት። ጥቀርሻውን በነሐስ ብሩሽ አንሱ። መርፌዋን በጣት ስትይዙ በጅራቷ በኩል ይሁን፣ የላብ ጨው ያዝጋታል። ብዙ ኖዝል ካላችሁ የአንዱን መርፌ ለሌላው አትስጡ። መርፌና ቤቷ ፋብሪካ ውስጥ አብረው ተሞርደው የተጋቡ ናቸው።

ታጥባ ስትወጣ ይህን ሞክሩ። ሁለቱንም በንጹሕ ናፍጣ አርጥባችሁ ቤቷን ዘንበል አድርጉ። መርፌዋን ሲሶ ያህል ስባችሁ ልቀቋት። በራሷ ክብደት ቀስ ብላ፣ ሳትቆም እስከ ታች መውረድ አለባት። አዙራችሁ ደጋግሙት። መንገድ ላይ ከቆመች ቆሻሻ ቀርቷል ወይም ተጭራለች። ሁለቴ አጥባችሁ ካልወረደች አዲስ ግዙ።

አዲስ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ስትደርሱ ቤቱ ላይ የተቀረጸውን ፊደልና ቁጥር አንድ በአንድ አስተያዩ። መልኩ አንድ ሆኖ አረጫጨቱ የተለየ ብዙ አለ። ከመክፈላችሁ በፊት መርፌዋን አውርዳችሁ እዩ። ሻጩ ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ ሂዱ። አዲሱ የዝገት መከላከያ ቅባት ተቀብቶ ነው የሚመጣው፣ በናፍጣ ታጥቦ ነው የሚገጠመው።

ሲመለስ

ገና ከመግጠማችሁ በፊት ጉድጓዱ ውስጥ በባትሪ ብርሃን እዩ። አሮጌው የመዳብ ሮንዴላ ብዙ ጊዜ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። ሳያዩት አዲስ ሲጨምሩበት ሁለት ይሆናል። ኖዝሉ ከቦታው ከፍ ይላል፣ አረጫጨቱ ይሳታል፣ ጭስ ይመጣል፣ ደግሞ ኖዝሉ ይከሰሳል። አሮጌውን አውጡ፣ መቀመጫውን በእንጨትና በጨርቅ አጽዱ። አዲስ ሮንዴላ ካጣችሁ አሮጌውን በእሳት ቀይ እስኪሆን አግላችሁ ውሃ ውስጥ ክተቱት፣ መዳቡ ይለሰልሳል። ይህ ግን ለአንድ ጊዜ ነው።

ሁለቱን ዳዶዎች በእጅ አስገቡ፣ ከዚያ ተራ በተራ ሩብ ሩብ ዙር እያላችሁ እኩል አጥብቁ። አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ከሄዳችሁ ኖዝሉ ያዘነብላል። ከልክ በላይ ካጠበቃችሁ ቤቱ ይጣመምና መርፌዋ ትያዛለች። የብረት ቱቦውን በጉልበት አታጣምሙ፣ ዳዶው በእጅ ካልገባ አቀማመጡን አስተካክሉ። አየሩን ቅድም እንዳልኳችሁ አስወጡ።

አስነሱትና አሥር ደቂቃ ያለ ጭነት ይሥራ። በኖዝሉ ዙሪያ ጠብታ ናፍጣ አንጠባጥቡ። አረፋ ከሠራ ሮንዴላው አልያዘም። «ችስ ችስ» የሚል ድምፅና ጥቁር ጥላሸትም ምልክቱ ነው። ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ዳዶዎቹን አንዴ በቁልፍ ዳስሱ።

ኖዝሉን ያጠባችሁበትን ናፍጣ ወንዙ ውስጥ አትድፉት። ለቆስጣው የሚሄደው ያው ውሃ ነው። በጀሪካን አስቀምጡት፣ ሲጠል ላዩ ለሌላ ብረት ማጠቢያ ይሆናል።

እኔ ፊልትሮ በየ100 ሰዓት ሥራ አያለሁ፣ ኖዝል ደግሞ በየ500 ሰዓት መሞከሪያ ላይ አስራለሁ። ሰዓት መቁጠሪያ ከሌላችሁ በደብተር ያዙት። በጠመኔ የውሃ ገንዳው ላይ የሚጽፉ ደንበኞችም አሉኝ፣ እሱም ይሠራል።

ዘይቱ ናፍጣ ሸቶ ከነበረ ቀይራችሁታል ብዬ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ መለኪያውን አውጡ። ማታ ከተዋችሁት መስመር ላይ ካለና ናፍጣ ካልሸተተ ቀበቶውን ፓምፑ ላይ አጥልቁና ውሃውን ልቀቁ።